ማክሰኞ በስንት ሰዓት?

ጋሽ ታምራት ማረፋቸውን የነገረችኝ ጓደኛዬ ሙሉ ናት። ሲታክ ኤርፖርት፣ የምሠራበት የመኪና ኪራይ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ቁልፍ የጠፋበት አንድ ፈረንጅ ሲጮህብኝ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሙሉ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ ደንግጬ አነሣሁት። «ሰብልዬ፣ ጋሽ ታምራት አረፉ። ትናንት፣ ኤቨረት፣ ልጃቸው ቤት» አለችኝ። «ውይ!» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ቁልፍ ፍለጋዬን ቀጠልኩ፤ የራሱ የፈረንጁ ጃኬት ውስጥ ተገኘ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከጋሽ ታምራት ጋር ከተኳረፍን አምስት ዓመት ሆኖን ነበር። ተኳረፍን ስል እኔ ነኝ ያኮረፍኩት፤ እሳቸውማ ማኩረፍ የሚባል ነገር አያውቁበትም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ ቆባቸውን አውልቀው «እንዴት ነሽ ልጄ? ሕፃኑስ?» ይሉኛል። እኔ «ደህና» ብዬ አልፋለሁ። ያኮረፍኩበትን ምክንያት የከተማው አበሻ ግማሹ ያውቀዋል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ። ከውርደቱ ይልቅ ሲከነክነኝ የኖረው ግን ሌላ ነው። ያን ቀን የጠየቁኝን ነገር እኔ ከባሌ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ታዲያ ማን ነገራቸው?

ሳውቃቸው የኤርፖርት ፓርኪንግ ሾፌር ነበሩ፤ መንገደኛውን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ የምታመላልሰዋን ትንሽ አውቶቡስ ይነዳሉ። ሀገር ቤት ሥራቸው ሚዛን መመርመር ነበር። ከገበያ ገበያ እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሹ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ወደ ሰው ዘንበል አድርገው የሚሰሙ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ሲገርማቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጫፉን ይነክሱና «ቆይ፣ ቆይ፣ ይኼ ነገር እንዴት ነው?» ይላሉ። የማይገርማቸው ነገር ደግሞ የለም። የዓሣ ነጋዴውን፣ ጥርስ ሐኪሙን፣ የትራፊክ መብራት የሚጠግነውን፣ ማንንም ሳይጠይቁ አያልፉም። አንድ ቅዳሜ ለስብሰባ ግማሽ ሰዓት አርፍደው መጡ፤ ግራ ጫማቸው ቢጫ ቀለም ተለቅልቋል። መንገድ ላይ መስመር የሚቀባ ሠራተኛ አይተው መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ወርደዋል ለካ።

«እንዴት ሳይጣመምበት ይሄዳል ብዬ እኮ ነው! ሰውዬው እጁን አያይም። ፊት ለፊት፣ ሩቅ ነው የሚያየው» አሉን፣ ዐይናቸው እያበራ።

«ጋሽ ታምራት፣ ጫማዎ!»

«እሱ ይገዛል» አሉና ተቀመጡ።

የከተማው አበሻ ማኅበራችን የሚያዘጋጀውን የቢዝነስ ፕላን ውድድር የሚመሩት እንግዲህ እኚህ ሰው ነበሩ። የራሱን ሥራ ለመክፈት የሚያስብ ሁሉ ይመዘገባል። ስምንት ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተሰጠን ክፍል ፕላን መጻፍ ይማራል፤ በመጨረሻው ቀን አዳራሽ ቆሞ ያቀርባል። አንደኛ የወጣ፣ ሶዶ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካለ አንድ መጋዘን ውስጥ ለአንድ ዓመት ነፃ የሥራ ቦታ ያገኛል፤ የፈቃዱን ጣጣም የሚጨርስለት ሰው ይመደብለታል። ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ መጋዘን የሚሠራው፣ ሁሉም በሆዱ የያዘው አንድ ሥራ አለው። ቀን ሙሉ ሠርቶ፣ ዐይኑ ቀልቶ መጥቶ ነው ከፊታችን የሚቀመጠው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ስም መመዝገብ፣ ወንበር መደርደር፣ አልሠራም ያለውን ፕሮጀክተር መለማመጥ የእኔ ድርሻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ጉድ ሆንን። ዐሥራ አንድ ተወዳዳሪና ሦስት የተከበሩ ዳኞች ነበሩን። ወረቀቱን ሰብስቤ ሳየው ሁሉም ዳኛ ለሁሉም ተወዳዳሪ ዐሥር ከዐሥር ሰጥቷል። ዐሥራ አንድ አንደኛ! «ኧረ በናታችሁ፣ ከአንዱ እንኳ ግማሽ ነጥብ ቀንሱ!» ብዬ ለመንኳቸው። አንደኛው ዳኛ «ሰው ፊቴ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ እንዴት አስችሎኝ ዘጠኝ ልስጠው?» አሉኝ። ሁለተኛዋ «የዚያኛው ሚስት ከእኔ ጋር ዘማሪ ናት፤ እሑድ በየት በኩል ልያት?» አለች። ሦስተኛው ወረቀቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። ሰዉ አዳራሽ ውስጥ ውጤት እየጠበቀ ነው። መጨረሻ ላይ በዕጣ ለየናቸው፤ ዕጣ መሆኑን ግን ለማንም አልተናገርንም።

እኔ በንዴት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ጋሽ ታምራት ግን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ነክሰዋል። ደስ ብሏቸዋል እኮ!

«ሁሉንም እኩል የሚመዝን ሚዛን ካየሽ ተሰብሯል ማለት ነው» አሉኝ። «የት ጋ ነው የተሰበረው? ገርሞኛል።»

ለሳምንታት ይኼንን ሲያብሰለስሉ ከረሙ። ከዚያ አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ግቢው ውስጥ እየዞሩ «ማር ላስመጣ ነው፤ ትገዙኛላችሁ?» ማለት ጀመሩ። «እንዴታ ጋሽ ታምራት! ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ሊሆን!» ይላል ሁሉም። ሃያ ሰው ጠየቁ፤ ሃያውም አዎ አለ። በሳምንቱ ወደዚያው ሰው ተመልሰው «ማሩ ደርሷል። ማክሰኞ በስንት ሰዓት ላምጣልህ?» ይሉታል። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ስልኩን ያወጣል።

«ማክሰኞ... ሶ፣ ሺፍቴ ይለዋወጣል ጋሼ። እኔ ራሴ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

«ኦኬ። ረቡዕስ?»

«እንደዋወላለን። እንደዋወላለን።»

ከሃያው ሰው አንዲት ባልቴት ብቻ «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ሁለት ኪሎ ይበቃኛል» አሏቸው። ማር ግን የለም እኮ! ፈጠራ ነው። ሰውዬው ሰኞን ሙሉ ከተማውን ሲያስሱ ውለው ጥሩ ማር ፈልገው ገዙ፤ ማክሰኞ ልክ በዘጠኝ ሰዓት የሴትዮዋን በር አንኳኩ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ «ቀልድ ነው ቢሏቸውስ?» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። «ቀን ሰጥተውኛል እኮ!» አሉኝ።

ከዚያም አስረዱኝ። «አየሽ ሰብለ፣ ወገናችን ዋሾ ሆኖ አይደለም። አዎ ሲልሽ 'በርቺ፣ እወድሻለሁ' ማለቱ ነው። ዳኞቹም እንደዚያ ነው ያሉት። 'እገዛለሁ' እንዳለ አድርገን የሰማነው እኛ ነን። የሚገዛውን ማወቅ ከፈለግሽ ቀን ጠይቂው።»

ከዚያ ዓመት ወዲህ ውድድሩ ተለወጠ። ተወዳዳሪው አቅርቦ ሲጨርስና ሲጨበጨብለት ጋሽ ታምራት ማይክራፎኑን ይዘው ወደ ሰዉ ይወርዳሉ። አብዝቶ ያጨበጨበውን ይመርጡና ማይኩን አፉ ሥር ደቅነው «ማክሰኞ በስንት ሰዓት?» ይሉታል። ወይ ጉድ! የሚስቀው ይስቃል፣ ሽንት ቤት የሚሄደው ይሄዳል። ከፊት ወንበር መቀመጥ ቀረ። ተወዳዳሪዎቹ መጀመሪያ ተናደዱ፤ ቀን ያገኙት ግን እውነትም ሥራ ከፈቱ። ያላገኙትም የባንክ ብድር ሳይፈርሙ፣ ሥራቸውን ሳይለቁ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በሦስተኛው ዓመት ሙሉ ተወዳደረች።

ሙሉ ያኔ ሲታክ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመት አልጋ ስታነጥፍ ቀኝ ትከሻዋ አለቀ፤ ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ክንዷን ማንሣት ያቅታታል። ያሰበችው ሥራ ማረስ ነው። ሀገር ቤት ሴት ስትወልድ እናቷ መጥታ ታርሳታለች፤ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ሕፃኑን ማጠቡ፣ ለእናትየው ትንሽ እንቅልፍ መስረቁ ሁሉ አለ። እዚህ እናት ቪዛ ትከለከላለች፤ ባል በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ይገባል። ሙሉ እንግዲህ የሚያርስ ሰው የሌላቸው ሴቶች ቤት በክፍያ እየሄደች ልታርስ ነው። «ትከሻሽስ?» ስላት «ሕፃን ከፍራሽ ይቀላል» ትለኛለች።

አርባ ሴት አነጋግራ አርባዎቹም አዎ ብለዋታል። ስማቸውን በሰንጠረዥ ጽፋ ፕላኑ ላይ አያይዛዋለች። ለሆቴሉ የጻፈችው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። «ቅዳሜ ውድድሩ ያልቃል፤ ሰኞ እሰጣቸዋለሁ። ባሸንፍም ባላሸንፍም» ትላለች። ይኼ የዋዛ ነገር አልነበረም። ልጇ አስም አለባት፤ መድኃኒቱን የሚሸፍንላት የእናቷ የሆቴል ኢንሹራንስ ነው። ሙሉ ሥራ ለቃ ደንበኛ ካጣች ልጅቷ ያለ መድኃኒት ልትቀር ነው። ግን አርባ ሰው አዎ ብሏታል፤ ምን ያስፈራታል?

ከአርባዎቹ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። «አንቺማ ደንበኛ ቁጥር አንድ ነሽ!» ትለኛለች ሆዴን እየነካች። «ታዲያ ከአንቺ በቀር ማን አለኝ?» እላለሁ። ስጀምረው ከልቤ ነበር። በኋላ ግን ኤቨረት ያለችው አክስቴ ደወለችና «እኔ በቁሜ እያለሁ ማን ሊያርስሽ ነው? አርባ ቀን እቀመጣለሁ» አለች። አክስቴን እምቢ ማለት አይታሰብም። ለሙሉ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ፊቷ ፈክቶ ስለ ደብዳቤው ስታወራ አፌ ይያዛል። አክስቴ የራሷ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሷ ሰው ያላት ናት፤ ከእኛ ሰፈር ጋር የሚያገናኛት ስለሌለ ነገሩ አይሰማም ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ሙሉ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ አቀረበች። መጨረሻ ላይ ሰዉን አስለቀሰችው። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጋሽ ታምራት ማይኩን ይዘው ወረዱ። ከፊት ያሉትን ሴቶች አለፏቸው። መሐል ያሉትንም አለፏቸው። ቀጥ ብለው በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጥኩበት የመመዝገቢያ ጠረጴዛ መጡ።

«ሰብለ፣ መቼ ነው የምትወልጂው?»

«ሴፕቴምበር መጀመሪያ...»

«በሰላም ያገላግልሽ። ከሆስፒታል በወጣሽ በስንተኛው ቀን ትምጣልሽ? ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«እሱን... ኮል አደርግላታለሁ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ዓመት የሳቅሁበትን መልስ ራሴ መለስኩት። ጋሽ ታምራት ግን ማይኩን ከአፌ ሥር አላነሡም።

«ማን ነው የሚያርስሽ፣ ልጄ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ እንደ አባት ነው የጠየቁኝ። «አክስቴ» አልኩ። ማይኩ ትንሿን ድምፄን ወስዶ ጣሪያው ላይ አጮኸው። ሳቁ ቀጥ አለ። ወደ መድረኩ አየሁ። ሙሉ ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል ቆማለች፤ የደነገጠች አትመስልም። ጋሽ ታምራት ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሄዱ። ያን ቀን ከአርባዎቹ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተጠየቁ፤ ቀን የሰጠ አልተገኘም።

ሙሉ አላሸነፈችም። ሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ቀድዳ ሥራዋ ገባች።

እኔ ግን ጋሽ ታምራትን እስከ መኪናቸው ተከትዬ ሄድኩ። «እንዴት ሰው ፊት እንዲህ ያደርጉኛል? እርጉዝ ሰው! በግል ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?» ብዬ ጮህኩባቸው። ቆባቸውን በእጃቸው ያዙት። «ልክ ነሽ። አሳፍሬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉኝ። «ስለ አክስቴ ማን ነገረዎት?» አልኳቸው። መጠየቅ የማይታክታቸው ሰው፣ ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ሰው፣ የዚያን ቀን «እሱን ተይው ልጄ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ጸሐፊነቱን በዚያው ተውኩት። ልጄ ክርስትና ሲነሣ ሳልጠራቸው መጡ፤ ዳይፐር የሞላ ከረጢት በሩ ሥር አስቀምጠው እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። «ይግቡ» አላልኳቸውም። ባሌ እንኳ ተቆጣኝ።

እኔ ሳኮርፍ እሳቸው ከሙሉ ጋር ሥራ ይዘዋል። ሁለቱ አብረው አርባዎቹን ሴቶች ቤት ለቤት ዞሩ። «አልቆጣሽም፤ ገርሞኝ ነው። ለምን ቀን አልሰጠሽም?» ይላሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው። ሁሉም «ጊዜ ስላጣሁ ነው፣ ሳይመቸኝ ቀርቶ ነው» ሲሉ አንዲት በቅርቡ የወለደች ሴት እውነቱን አወጣችው። «ጋሼ፣ ከፍዬ ሰው ባስገባ 'ወገን የላትም እኮ' ነው የሚሉኝ» አለቻቸው። ሙሉ እንደነገረችኝ ጋሽ ታምራት ከደስታቸው ብዛት መነጽራቸውን እዚያው ቤት ረስተው ወጡ።

መንገድ ላይ «በቃ፣ እሷ አትግዛው፤ ሰው ይስጣት» አሉ። ለቤቢ ሻወር የሚሰበሰበው ሁሉ ሳይለበስ የሚያልፍ ልብስ ይዞ ይመጣል። ስጦታ ከሆነ ማንም ወገን የላትም አይልም፤ እንዲያውም ወገኗ በዛ ይባላል። የሙሉ የሆቴል ባልደረቦች ስምንት ሆነው አዋጥተው፣ ሙሉ መጥታ እንድታርሳት ለወለደች ጓደኛቸው የመጀመሪያውን ስጦታ ሰጡ። «ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት» አሉ። ሙሉ ሌላ ደብዳቤ ጽፋ ለሆቴሉ የሰጠችው ከዓመት በኋላ ነው፤ የሦስት ወር ቀጠሮ ሞልቶላት፣ የልጇን ኢንሹራንስም በራሷ ከገዛች በኋላ። ዛሬ አራት ሴቶች ከእሷ ጋር ይሠራሉ።

እኔና ሙሉ አልተጣላንም። ስለዚያ ቅዳሜ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። በሆዷ ይዛብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። እሷን ቀና ብዬ ማየት ሲከብደኝ ንዴቱን ሁሉ በጋሽ ታምራት ላይ እጭነዋለሁ፤ እንደዚያ ይቀለኛል።

ለቅሶው ላይ ለመድረስ በእኔ መኪና አብረን ወደ ኤቨረት ሄድን። ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሁሉም እሳቸው የጠየቁትን ያወራል፤ አንዱ እያለቀሰ ይስቃል፣ ሌላው እየሳቀ ያለቅሳል። ማር የገዙት ባልቴት እንኳ በከዘራ መጥተዋል። እኔ ልጃቸውን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዐይኔ ደረቅ ነው። ሰዓቴን አይቼ ለሙሉ ጠቀስኳትና ወጣን።

መኪናውን አስነሥቼ ቀበቶዬን እያሰርኩ «ነፍሳቸውን ይማር፤ አንድ ነገር ግን ሳይነግሩኝ ሞቱ» አልኳት። «ስለ አክስቴ ማን እንደነገራቸው።»

ሙሉ አስራው የነበረውን ቀበቶዋን ፈታች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«አክስትሽን ሲታክ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። 'ሰብለን ላርስ ነው' እያለች ለባለሱቁ ስታወራ ሰማሁ፤ ቅቤ እየገዛች ነበር። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ፤ አልነገርሽኝም። አንቺ አዎ ያልሽው እንዲህ ከሆነ የሌሎቹስ? ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ፣ የልጄ መድኃኒት... እኔ ልጠይቅሽ ግን አቃተኝ ሰብልዬ። ሐሙስ ዕለት ሄጄ ለመንኳቸው። 'አዳራሹ ውስጥ ሰብለን ይጠይቁልኝ፤ ከእሷ አፍ ካልሰማሁ ሰኞ ደብዳቤውን መስጠቴ ነው' አልኳቸው። 'ይቺ ልጅ ትጠላኛለች እኮ' አሉኝ። 'እኔን ከምትጠላ እርስዎን ትጥላ' አልኳቸው። ሳቁ። 'ኦኬ፣ እኔን ትጥላ' አሉ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ! አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንት ጊዜ ልነግርሽ ነበር። አይሆንም አሉኝ። 'እኔን ብታኮርፈኝ ሰላም ብላኝ ታልፋለች፤ አንቺን ካኮረፈች ጓደኛ አይኖራትም' አሉ።»

መኪናውን አጠፋሁት። ሙሉን እዚያው ትቻት ግቢውን አቋርጬ ተመልሼ ገባሁ። ልጃቸው በሩ ላይ እንግዳ እየሸኘች ነበር።

«ምነው፣ ምን ረሳሽ እህቴ?» አለችኝ።

«ቅድም አላለቀስኩም ነበር» አልኳትና አልፌያት ገብቼ ተቀመጥኩ።